በጣት የተለቀመ ቡና

ሰርካ ትባላለች። ዕድሜዋ አሥራ አንድ ነው። ቤታቸው ጭሮ ከተማ ውስጥ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለው ዳገት ላይ ነው። አባቷ መምህር እስክንድር ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የሒሳብ አስተማሪ ነው። እናቷ ባየች ግን የዚሁ አገር ሰው ናት፤ በደሳ በምትባል ከተማ ተወልዳ ያደገች። አንድ ታናሽ ወንድም አላት። ይልቃል ይባላል፤ ዘጠኝ ዓመቱ ነው።

በሰንበት ትምህርት ቤት የሰርካ ድምፅ ከሁሉ በላይ ይሰማል። መዝሙር አንዴ ከሰማች አይጠፋትም። ታዲያ እንዲህ ያለች ልጅ ክፉ ነገር አታደርግም ትላላችሁ?

ቆዩ።

*

ይልቃል ምስጢር ነበረው።

አንድ ቀን ትምህርት ቤት አህያ ሣለ። ቀለም ቀባው። ቡናማ መስሎት አረንጓዴ ቀባው። ክፍሉ በሙሉ ሳቀበት፤ አስተማሪው ሳይቀር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ቀለም የሚቀባው ከሰርካ አጠገብ ተቀምጦ ነው። ወደ ጆሮዋ ጠጋ ይላል።

«ሰርኬ፣ ቀዩ የትኛው ነው?»

«ይሄ።»

«አረንጓዴውስ?»

«እሱ አጠገቡ ያለው። እንዴት አይታይህም?»

«ሁለቱም አንድ ናቸው እኮ። ለማንም እንዳትነግሪ።»

«ለአባዬም?»

«ለአባዬማ በፍጹም! ሰነፍ ነህ ይለኛል።»

«እሺ፣ አልናገርም» አለች። ቃሏን ሰጠች።

ይህን «እሺ» አትርሱት፤ በኋላ ወደ እሱ እንመለሳለን።

*

ኅዳር ነው። በደሳ ያለው የአያታቸው የአባባ ጀምበሩ ቡና ቀልቷል።

አባባ ጀምበሩ አንድ ልማድ አላቸው። ባለቤታቸው የተቀበሩት ጭሮ ነው። ስለዚህ በየዓመቱ መጀመሪያ የተለቀመው አንድ ቅርጫት ቡና በኩራት፣ ማለትም የመጀመሪያ ፍሬ ስጦታ ሆኖ ወደ ጭሮ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ልጆቹ ሁሉ እየዘመሩ አንድ ልጅ ቅርጫቱን ይዞ ወደ ፊት ይወጣል። ማን? ከልጅ ልጆቻቸው መካከል ቡናውን በንጽሕና የለቀመው። አንድም አረንጓዴ ያልቀላቀለው።

ሁለት ዓመት ሙሉ ቅርጫቱን የያዘችው ሰርካ ናት። ዘንድሮ ግን ይልቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ሊለቅም መጥቷል።

አባባ ጀምበሩ ሌላም ነገር አላቸው። በደሳ ውስጥ እንደ እሳቸው ቡና የሚለቅም የለም ይባላል። ፍሬውን አያዩትም። በሁለት ጣት ይጫኑታል።

«ቡና በዓይን አይለቀምም» አሉ ለይልቃል። «ዓይን ይቸኩላል። ለስለስ ካለ፣ ስትጫነው ከውስጥ ሸርተት ካለ፣ በስሏል። እንደ ጠጠር ከሆነ ተወው። ቀኑ አልደረሰም።»

ይልቃል አንዱን ፍሬ ተጫነው። ሸርተት አለ። ሌላውን ተጫነው። ጠጠር ነው። ፊቱ በራ።

ሰርካ ደግሞ በልቧ «እኔ ዓይን አለኝ» አለች።

*

ባየች ለልጆቹ ሁለት ቅርጫት ሰጠቻቸው። እንዳይደባለቁ በእጀታቸው ላይ ጨርቅ አሰረች። ለሰርካ ቀይ ጨርቅ። ለይልቃል አረንጓዴ።

ይልቃል አንድ አንድ እያለ ለቀመ። ይጫናል፣ ይለቅማል። ይጫናል፣ ይተዋል። ዘገምተኛ ነበር። ላቡ በአፍንጫው ይንጠባጠባል፤ ቀና አይልም።

ሰርካ ቸኮለች። ፀሐዩ ጠነከረ፤ ሰለቻት። ቅርንጫፉን ከላይ ጨብጣ ወደ ታች ትስበው ጀመር። ቀዩም አረንጓዴውም ቅጠሉም አብሮ ይረግፋል። በኋላ አረንጓዴውን እለቅመዋለሁ አለች። በኋላ ግን አልመጣም። ምሳ ደረሰ።

ትልልቆቹ ከጥላው ሥር ተቀምጠው ይበላሉ። ይልቃል እጁን ሊታጠብ ሄደ። ሰርካ ከሁለቱ ቅርጫቶች ፊት ብቻዋን ቆመች።

የእሷን አየች። ዝንጉርጉር ነው።

የእሱን አየች። ከላይ ቀይ ነው። እጇን ሰደደችና ገለበጠችው። ከሥርም ቀይ ነው። ቀይ የማያየው ልጅ የለቀመው ቅርጫት!

ተናደደች። ለምን እንደተናደደች እንኳ አላወቀችም።

ቡናውን አልነካም፤ ጨርቁን ብቻ አለች በልቧ። ጨርቅ ምን አላት? እሱ እንደሆነ አይለየውም።

ቀዩን ጨርቅ ፈታች። አረንጓዴውን ፈታች። ቀያይራ አሰረች። ከአንድ መዝሙር ያጠረ ጊዜ ነው የፈጀባት።

ልጆች፣ ኃጢአት ብዙ ጊዜ ይህን ያህል ናት፤ አንዲት ቋጠሮ።

*

ከምሳ በኋላ አባባ ጀምበሩ ሊፈርዱ ተነሡ። በአገሬው አክብሮት አዴ የምትባለው ጎረቤታቸው መይሙናም መጣች። በየዓመቱ ፍርዱን ሳታይ አታልፍም።

አባባ ጀምበሩ እጃቸውን ወደ አንዱ ቅርጫት ሰደዱ። ዳበሱ።

«ይሄ ንጹሕ ነው። የማን ነው?»

«ጨርቁ ቀይ ነው፤ የሰርካ ነዋ» አለች ባየች።

ሌላውን ዳበሱ። ግንባራቸው ተቋጠረ። «ግማሹ ጠጠር ነው። ይሄስ?»

«አረንጓዴ። የይልቃል።»

«የእኔ አይደለም!» አለ ይልቃል። እጁን ቅርጫቱ ውስጥ ነከረ። «ይሄ ጠጠር ነው። እኔ ጠጠር አልለቀምኩም።»

አባቱ ብድግ አለ። «ጨርቁ የአንተ ነው። ቡናውስ የማን ሊሆን ነው? የአዴ መይሙና?»

«እኔን ከዚህ አታስገቡኝ!» አለች አዴ መይሙና። «ግን ወላሂ፣ ልጁ የሚዋሽ አይመስልም። ዓይኑን አይታችሁታል?»

ይልቃል ወደ ሰርካ ዞረ። ከሁለቱ ጨርቆች የትኛው የእሱ እንደሆነ የምትነግረው እሷ ብቻ ናት።

«ሰርኬ?» አለ።

ይህንን ብቻ ነው ያለው።

ሰርካ ወደ ቅርጫቶቹ አየች። ሁሉም ያዩዋታል። ያን ጊዜ እውነት ሊመጣ አፏ ላይ ደርሶ ነበር። መጣም፤ ግን የተሳሳተው እውነት።

«እሱ እኮ ቀይና አረንጓዴ አይለይም!» አለች። «አህያውን አረንጓዴ የቀባው ለዚያ ነው። ሁልጊዜ እኔን ነው የሚጠይቀኝ!»

ያ «እሺ» ተሰበረ።

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቀይ ሳያውቅ?» አለ አባቱ። «ይሄ ሰበብ ነው። ስንፍና ነው።»

«በእኛ ወገን እንዲህ ያለ ዓይን የለም» አለች ባየች። «ምናልባት ከጎጃም መጥቶ እንደሆነ።»

አዴ መይሙና ሳቀች። «የለም አልሽ? አባትሽ አይደለም እንዴ ለእናትሽ ቀይ ሻሽ ግዛ ተብሎ አረንጓዴ ይዞ የመጣው? ሰፈሩ በሙሉ ወር ሙሉ ሳቀበት!»

«መይሙና፣ ተይ» አሉ አባባ ጀምበሩ። ሌላ ጊዜ በዚህ ቀልድ ይስቁ ነበር። አሁን ግን ከመሬት ላይ ዓይናቸውን አላነሡም።

«አያትህን ይቅርታ ጠይቅ» አለ አባቱ።

«አልጠይቅም።»

«ይልቃል!»

«አላጠፋሁም። አልጠይቅም።»

«ካልጠየቅህ ነገ ከመዘምራን ጋር አትቆምም።»

«አልቆምም። ግን አልጠይቅም።»

ትንሽ ነው። ድምፁ ግን አልተንቀጠቀጠም።

*

ሚኒባስ። ከበደሳ ወደ ጭሮ። አባባ ጀምበሩም አብረው አሉ፤ ንጹሑ ቅርጫት በጉልበታቸው ላይ ነው። ሰርካ ወንድሟን በክርኗ ነካ አደረገችው። ወደ መስኮቱ ዞረ።

«ሁልጊዜ ቀለሙን እነግርህ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ውለታ አታውቅም።»

አያችሁ? ያጠፋ ሰው መጀመሪያ የሚናደደው በበደለው ሰው ላይ ነው።

*

እሑድ። አዳራሹ ሞልቷል። ልጆቹ ነጭ ለብሰው ተሰልፈዋል። ወላጆች ከኋላ ቆመዋል። የምታስተምራቸው እህት ኤደን ናት፤ በሥራ ቀን በሆስፒታል ላቦራቶሪ ትሠራለች።

መዝሙሩ ተጀመረ። ሰርካ ቅርጫቱን አቅፋ ወደ ፊት መራመድ ጀመረች።

በሩ ተገፋ። ይልቃል ነው። ነጭ አልለበሰም። በመሐል መንገድ ቀጥ ብሎ መጣና ከፊቷ ቆመ።

«ያ ቅርጫት የእኔ ነው።»

መዝሙሩ ተቋረጠ። አባቱ ከኋላ ሲመጣ እህት ኤደን በእጇ «ቆይ» አለችው።

«በምን አወቅህ?» አለችው ይልቃልን።

«በጣቴ። እኔ የለቀምኩት ሁሉ ለስላሳ ነው።»

«ጨርቁስ ምን ዓይነት ነው?»

ይልቃል ጨርቁን አየ፤ ከዚያ ወደ ሰርካ ዞረ። እህት ኤደን የልጁን ዓይን አየች። ጠረጴዛው ላይ ወዳለው የጠመኔ ሳጥን ሄደች። ሁለት ጠመኔ በመዳፏ ላይ አስቀመጠች።

«ቀዩን ስጠኝ።»

ልጁ አመነታ። አንዱን አነሣ። አረንጓዴውን።

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። «አህያው! አህያው!» አለ ቢራቱ የሚባል ልጅ ከኋላ።

«ለእኔም አምጪልኝ» የሚል ድምፅ ተሰማ።

አባባ ጀምበሩ ናቸው። በትራቸውን ተደግፈው ከወላጆች መካከል ወጡ። ወደ እህት ኤደን መዳፍ ጎንበስ አሉ። ረጅም ጊዜ አዩ።

«ቀዩ ይሄ ነው» አሉ። አረንጓዴውን አነሡ።

ማንም አልሳቀም።

«አባዬ?» አለች ባየች።

«ስልሳ ዓመት ደበቅሁት» አሉ። «ቡና በዓይን አይለቀምም የምለው ጥበብ ሆኖ አይደለም። ዓይኔ ስለማይነግረኝ ነው። ጣቴን ያስተማርኩት ስለቸገረኝ ነው። ትናንት ይህ ልጅ ሲወቀስ መናገር ነበረብኝ፤ አፈርኩ። ሽማግሌ አፍሮ ሕፃን ይቀጣል?» በትራቸውን መሬት ላይ መቱ። «በሉ፣ ሳቁ! የሚስቅ በእኔ ይሳቅ!»

ቢራቱ አንገቱን ደፋ።

«እርግማን ይሆን?» አለች ባየች ለእህት ኤደን፣ በሹክሹክታ።

«እርግማን አይደለም። በሽታም አይደለም። ኃጢአትማ ጭራሽ አይደለም» አለች እህት ኤደን ጮክ ብላ። «ልጆች፣ የመዝሙር ደብተራችሁን አውጡ።»

*

ደብተሮቹ ወጡ።

«እነዚህን መዝሙሮች ከየት አገኛችኋቸው?»

«ገልብጠን!» አሉ ልጆቹ።

«ከማን?»

«ከትልልቆቹ!»

«እነሱስ?»

«ከእነሱ ትልልቆች!»

«ጥሩ። ሰውነታችንም እንደዚህ ነው። ሕዋስ ከሚባሉ እጅግ ጥቃቅን ነገሮች ተሠርቷል። በየሕዋሱ ውስጥ የተጻፈ ነገር አለ፤ ጸጉሩ ይጠቅለል፣ ቁመቱ ይርዘም፣ ዓይኑ ይህን ይይ የሚል። እያንዳንዱ ትእዛዝ ጂን ይባላል። ወላጆቻችን ከየራሳቸው ጽሑፍ እየገለበጡ ይሰጡናል፤ ግማሹን እናት፣ ግማሹን አባት። በዘር መውረስ ማለት ይሄ ነው። አሁን ግን ስትገለብጡ አንድ ገጽ ላይ ውኃ ቢፈስና ቢደበዝዝስ?»

«ከጓደኛዬ ደብተር እዘምራለሁ» አለች አንዲት ትንሽ ልጅ።

«ጎሽ! ጓደኛ ከሌለሽስ?»

ልጅቷ ደብተሯን አገላበጠች።

እህት ኤደን በነጭ ጠመኔ ሰሌዳው ላይ ሣለች። «ቀይና አረንጓዴን የምንለይበት ገጽ ኤክስ በሚባል ደብተር ውስጥ ነው። ሴት ልጅ ሁለት ኤክስ አላት፤ አንዱ ከእናቷ፣ አንዱ ከአባቷ። ገጹ በአንዱ ላይ ቢደበዝዝ ከሌላው ታነባለች። ወንድ ልጅ ግን ያለው አንድ ኤክስ ብቻ ነው፤ ከእናቱ የተቀበለው። አባቱ የሚሰጠው ዋይ የሚባል አጭር ደብተር ነው። ያ ገጽ በውስጡ የለም።»

«ስለዚህ ከጋሽ እስክንድር አይደለም?» አለ ቢራቱ።

«አይደለም። አባባ ጀምበሩ ያላቸው አንድ ኤክስ ነው፤ የቀለሙ ገጽ ደብዝዟል። ለሴት ልጃቸው ለባየች የሚሰጡት እሱኑ ነው፤ ሌላ የላቸውም።»

«እኔ እኮ ቀይ አያለሁ!» አለች ባየች።

«ከእናትሽ የወረስሽው ንጹሕ ቅጂ ስላለሽ ነው። የደበዘዘውም ግን ከአንቺ ጋር አለ። ለይልቃል የደረሰው እሱ ነው።»

ባየች «በእኛ ወገን የለም» ያለችው ትዝ አላት። አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

«እልኸኛነቱን ግን ከማን እንደወረሰ እኔ አላውቅም» አለች እህት ኤደን። ሁሉም ወደ መምህር እስክንድር ዞረው ሳቁ። እሱም አንገቱን አከከ።

ሰርካ ብቻ አልሳቀችም።

«እህት ኤደን፣ እኔስ?»

«አንቺ ከአባትሽ ንጹሑን ወስደሻል። ከእናትሽ ግን ወይ ንጹሑን ወይ የደበዘዘውን። ሳንቲም እንደመወርወር ነው፤ ግማሽ በግማሽ። ዓይንሽ ላይ አይታወቅም። ምናልባት ከአንቺ ጋር ዝም ብሎ ተቀምጦ ይሆናል። አንድ ቀን ወንድ ልጅ ብትወልጂ ሊደርሰው ይችላል።»

ሰርካ አንድ ልጅ ታያት። ገና ያልተወለደ። የእሷ። አረንጓዴ አህያ ይዞ ቆሟል፤ ክፍሉ በሙሉ ይስቅበታል።

*

መምህር እስክንድር ወደ ፊት መጣ። እጁን በልጁ ትከሻ ላይ አደረገ።

«ሰነፍ ብዬህ ነበር። ተሳስቻለሁ» አለ። «አረንጓዴውን የለቀምከው አውቀህ አይደለም። ዓይንህ ነው። ይቅር ብዬሃለሁ።»

ከኋላ የቆሙት ወላጆች ራሳቸውን ነቀነቁ። ምስኪን አሉ። ነገሩ አለቀ።

ለሰርካም አለቀላት። አያችሁት? ማንም ስለ ጨርቁ አያውቅም። ጥፋቷን የወንድሟ ዓይን ተሸከመላት። ዝም ካለች ሁሉም ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ይልቃል ግን የአባቱን እጅ ከትከሻው ላይ አወረደ።

«ይቅርታህን አልፈልግም» አለ። «ቀይ አላይም። እሺ፣ አላይም። ግን አልተሳሳትኩም! ምስኪን አትበሉኝ። እኔ የለቀምኩት ንጹሕ ነው!»

ማንም አላመነውም። በአዘኔታ አዩት። አዘኔታው ከሳቁ የባሰ ነበር።

ሰርካ ቅርጫቱን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«እውነቱን ነው» አለች። ድምፅዋ ያ አዳራሹን ሁሉ የሚሞላው ድምፅ አልነበረም። «ጨርቁን የቀያየርኩት እኔ ነኝ።»

«ምን አልሽ?» አለ አባቷ።

«አረንጓዴውን የለቀምኩት እኔ ነኝ። ዓይን ያለኝ እኔ። እሱ በጣቱ ለቀመ፤ አንድም አልሳተም። ጨርቁን አይለይም ብዬ ቀየርኩት። አይለይም ብዬ ነው!» አለቀሰች። «ለማንም አልናገርም ብዬው ነበር። ተናገርኩ። ለመዋሸት ስል ምስጢሩን ተናገርኩ።»

አባባ ጀምበሩ ዝቅ ብለው እጃቸውን ቅርጫቱ ውስጥ ሰደዱ። አንድ ፍሬ ተጫኑ። ሌላ ተጫኑ።

«ይሄ የቸኮለ ሰው እጅ አይደለም» አሉ። «ትናንትም ጣቴ ነግሮኝ ነበር።»

መምህር እስክንድር ወደ ልጁ ዞረ። ለካ ይቅር ባይ ሳይሆን ይቅርታ ጠያቂ ነው። ሒሳብ አስተማሪ ነው፤ ስሌቱ ሲሳሳት ያውቃል። ተንበረከከና ከልጁ ዓይን ጋር ትክክል ሆነ።

«አጥፍቻለሁ፣ ይልቄ። ይቅር በለኝ።»

ይልቃል ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ እህቱን አየ። ሰርካ ልትሸሽ ፈለገች፤ አልሸሸችም።

«ይቅር በለኝ» አለች።

«ይቅር ብዬሻለሁ» አለ ይልቃል።

ሰርካ እፎይ አለች። አብረው ሊይዙት መስሏት እጇን ወደ ቅርጫቱ እጀታ ዘረጋች።

«ቅርጫቱን ግን አትነኪውም» አለ።

አባባ ጀምበሩ በሳቅ ትከሻቸው ተናወጠ። እህት ኤደን ሳቋን ዋጠች። ይልቃል ቅርጫቱን አነሣ፤ ከብዶት ወደ ኋላ ዘንበል አለ። ነጭ አልለበሰም። ቀጥ ብሎ ሄደ።

ሰርካ ወደ ሰልፉ መጨረሻ ሄዳ ቆመች። አፏን ከፍታ ዘመረች። ከፊት የሚሄደው ወንድሟ እስኪሰማው ድረስ።

*

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰርካ በደሳ ነበረች። ከቡናው ሥር ዓይኗን ጨፍና ቆማለች። አንዱን ፍሬ በሁለት ጣቷ ይዛለች።

«በስሏል» አለች።

«ጠጠር ነው!» አለ ይልቃል ያንኑ ፍሬ ጫን አድርጎ። «ቀስ ብለሽ ተጫኚ። አትቸኩይ።»

ልጆች፣ ከወላጆቻችን የወረስነው ተፈጥሮ በደላችን አይደለምና ማንም አያሳፍረን፤ በገዛ እጃችን ያሰርነው የሐሰት ቋጠሮ ግን የራሳችን ነውና ራሳችን እንፍታው።